የኦክቶፐስ ሦስት ልቦችና የሰፈራችን እድር

መቼም ሰው ሆኖ አንድ የማይረባ ነገር የማያጠራቅም የለም። አንዱ ባዶ ጠርሙስ ያጠራቅማል፤ ሌላው የተበላሸ ሬዲዮ «አንድ ቀን ይሠራል» እያለ ከአልጋ ሥር ይደረድራል፤ ባለቤቴ አስካለ ደግሞ ፌስታል የምታስቀምጥበት ፌስታል አላት። እኔ የማጠራቅመው ዕውቀት ነው። ዕውቀት ስላችሁ የሚያበላው ዓይነት እንዳይመስላችሁ። የሚያበላውንማ ባውቅ ኖሮ መዝገብ ቤት ተቀምጬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ፋይል አቧራ ሳራግፍ ባልኖርሁ። እኔ የማውቀው ሌላ ሌላውን ነው። የሰጎን ዐይን ከአንጎሏ እንደሚበልጥ አውቃለሁ። የቀጭኔ አንገትና የእኔ አንገት የአጥንታቸው ቁጥር እኩል ሰባት ሰባት መሆኑን አውቃለሁ። ቬነስ በምትባለው ፕላኔት ላይ አንዱ ቀን ከአንዱ ዓመት እንደሚረዝም አውቃለሁ፤ እዚያ ደመወዝ በየስንት ጊዜው እንደሚከፈል የጻፈ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። አውስትራሊያ ውስጥ እበቱን በአራት ማዕዘን ቅርጽ የሚጥል እንስሳ መኖሩን ሳይቀር አውቃለሁ። ይህን የመጨረሻውን ምሳ ሰዓት ላይ እንዳላነሣ አስካለ ከልክላኛለች።

«እና ታዲያ?» ትሉኝ ይሆናል። አስካለም የምትለው ይህንኑ ነው። ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «እና ታዲያ?» ትለኛለች። ሲብስባት ደግሞ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ትልብኛለች። የባሕር ዳር ሰው ሆናችሁ ይህ ሲተረትባችሁ መከራከሪያ የላችሁም፤ ክረምት ላይ ድልድዩ አጠገብ ብትቆሙ ግንዱንም ዓባይንም በዐይናችሁ ታዩዋቸዋላችሁ።

ደግሞ ግራ የሚያጋባው፣ ያ ዕውቀት ያልሁት ነገር ራሱ አንድ ቦታ ረግቶ አይቆምልኝም። ከአሮጌ ጋዜጣ፣ ከሬዲዮ፣ ከስልክ የቃረምሁትን የምጽፍበት ደብተር አለኝ። ፕላኔቶች ዘጠኝ ናቸው ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ አስምሬበት ነበር፤ ሊቃውንቱ ተሰብስበው አንዷን፣ መዋጮ እንዳልከፈለች የእድር አባል፣ ከመዝገብ ሰረዟት። እኔም ሰረዝሁ። የግመል ሻኛ ውስጥ ያለው ውሃ ነው ብዬ ነበር፤ ስብ ነው አሉ። ሰረዝሁ። ደብተሬ ከተጻፈው የተሰረዘው ሊበልጥ ምንም አልቀረው። አሁን የማወጋችሁም ዐውቄ አይደለም፤ ግራ ቢገባኝ ነው።

ይህን ሁሉ ግንድ የማራግፍበት አንድ ሰው ነበረኝ። ቤታችን ዘንዘልማ ነው፤ ትናንት ጤፍ ሲታጨድበት የነበረ ማሳ ዛሬ ብሎኬት የቆመበት አዲስ ሰፈር። መሥሪያ ቤቴ ደግሞ ከተማው ውስጥ፣ ፋሲሎ ነው። ጠዋት ጠዋት በምሄድበት ሚኒባስ ከሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር፣ በመስኮቱ በኩል፣ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይቀመጣሉ፤ እኔ አጠገባቸው። ቀጠን ያሉ፣ ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ እጃቸው ላይ ሳሙና ያላስለቀቀው ግራሶ ያለባቸው፣ የሐይቁን ጀልባዎች ሞተር የሚጠግኑ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከእኛ አራተኛው፣ ሰማያዊ በር ያለው ነው። ስለዚህ እኔና አስካለ ቤታችን ውስጥ «ባለ ሰማያዊ በሩ» እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ጋሼ ማለት እኮ የሰውን ስም ሳታውቁ ዕድሜ ልካችሁን አብራችሁት እንድትኖሩ የሚያስችል ቃል ነው።

ከዘንዘልማ እስከ ከተማ ድረስ እነግራቸዋለሁ። ሚኒባሱ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ ጉማሬ ብቅ ይል እንደሆነ አንገቱን ያሰግጋል፤ እኔ ደግሞ «ጋሼ፣ የጉማሬ ላብ ቀላ ያለ መሆኑን ያውቃሉ?» እላቸዋለሁ። «አላውቅም» ይሉኛል። ይህችን «አላውቅም» እንዴት እንደምወዳት አትጠይቁኝ። ሌላው ሰው «እና ታዲያ?» ሲለኝ እሳቸው ግን «አላውቅም፣ እስቲ ንገረኝ» ይሉና ዐይናቸውን ከመስኮቱ ወደ እኔ ይመልሳሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። እኔ ስናገር፣ እሳቸው ሲሰሙ።

ባለፈው ዓመት ታዲያ ሰፈራችን እድር ያቋቁም ተባለ። ደግ። ቤት ሠርቶ፣ ቆጣሪ አስገብቶ፣ እድር የሌለው ሰፈር ገና ሰፈር አልሆነም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ጣሪያ ባልወጣለት አንድ ቤት ጥላ ሥር ተሰበሰብን። አንዱ ከደሴ፣ አንዱ ከወልቂጤ፣ አንዱ ከደብረ ማርቆስ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ፤ ደመወዝ ከየአገሩ ለቃቅሞ ያመጣን ሰዎች ነን። ዳኛው ሳያስቸግሩ ተገኙ፤ ከሁላችንም ፀጉራቸው የነጣ አንድ ጡረተኛ ነበሩና። ጸሐፊው ላይ ስንደርስ ግን ተፋጠጥን። እጅ እናውጣ ቢባል ማን ማንን ያውቃል? የደሴው ለደሴው፣ የማርቆሱ ለማርቆሱ ሊያወጣ ነው፤ ይኸ ደግሞ ገና ከጅምሩ አያምርም። በዚህ መሃል ኮሌጅ የሚያስተምረው ጎረቤታችን ጌትነት ተነሣ። «ለማንም የማያዳላ ነገር ላምጣ» አለ። «በጠቅላላ ዕውቀት እንወዳደርና ያሸነፈ ይጻፍ።»

መሳቅ የፈለጋችሁ ሳቁ። ያኔ ግን ማንም አልሳቀም፤ እንዲያውም «ይኸ የተማረ ሰው ሐሳብ ነው» ተባለ። ለቀስተኛ የሚያስተባብር ሰው የቬነስን ቀን ቢያውቅ ምን ይረባል ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም። እኔማ እንዴት ልጠይቅ? ዕድሜ ልኬን ይዤው የዞርሁት ግንድ መጣያ ሊያገኝ ነው። አስካለን ከሩቅ አየኋት፤ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

ጌትነት ከስልኩ እያነበበ ይጠይቅ ጀመር። ሰው እንደ ገለባ ረገፈ፤ ሦስት ቀረን። እኔ፣ አንድ የባንክ ሠራተኛና እትዬ እማዋይሽ። እትዬ እማዋይሽ ልጃቸው ባሠራላቸው ቤት ደጃፍ ላይ ከቆጋ መስኖ የሚመጣ ድንችና ሽንኩርት የሚሸጡ የሰከላ ሴት ናቸው። «መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ፣ ለምን ይቅርብኝ?» ብለው ነው የገቡት። የበቅሎ አባት ማን ነው ቢባሉ፣ «አህያ ነው፤ እሷ እናቴ ፈረስ ናት እያለች ብትደብቀውም» ብለው ሰዉን አሳቁት። የባንኩን ሰው የግመል ሻኛ ጣለው። ውሃ አለ። እኔ ሰርዤዋለሁ እንጅ እሱ ገና አልሰረዘም ነበር።

«የመጨረሻው ጥያቄ» አለ ጌትነት፣ «ጥቁር ዓባይ ከየት ይነሣል?»

እትዬ እማዋይሽ ፈገግ አሉ። «ከግሽ ነዋ» አሉ። «ከሰከላ፣ ከምንጩ። ልጅ ሆኜ ታምሜ እናቴ ያስጠመቀችኝ እዚያ ነው።»

ጌትነት ስልኩን አየና ወደ እኔ ዞረ። «አልተመለሰም። አያሌው?»

እናንተዬ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እኔ አውቃለሁ። ግልገል ዓባይ ከግሽ ተነሥቶ ጣና እንደሚገባ፣ ከጣና ደግሞ ዓባይ ሆኖ በእኛ ድልድይ ሥር እንደሚያልፍ አውቃለሁ። አገሬው ከምንጩ ይቆጥራል፤ የጌትነት ስልክ ከሐይቁ ይቆጥራል። «የእትዬም መልስ ልክ ነው» ማለት ነበረብኝ። ዳሩ ግን ግሽ ካልሆነ ስልኩ ላይ የተጻፈው ምን እንደሆነ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። «ጣና» አልሁ። ተጨበጨበ። ከኋላ አንዱ «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል!» ብሎ ተረተባቸው፤ ሴትዮዋ እዚያው ዓባይ ምንጭ ከሆነበት አገር የመጡ መሆናቸውን ማን ያስታውስ? እትዬ እማዋይሽ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና «መጽሐፉ ካለ እንግዲህ» ብለው ተቀመጡ። ዋሽቻለሁ ወይስ አልዋሸሁም? ይህን ጥያቄ ደብተሬ ላይ የት አምድ ውስጥ እንደማስገባው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እንዲህ ሆኜ ጸሐፊ ሆንሁ። ገንዘብ ያዡ ከሚያመጣልኝ ዝርዝር እየገለበጥሁ ሰባውን አባወራ በሚያምር ጽሕፈት በመዝገብ አሰፈርሁ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የቤት ቁጥር። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፤ ሁሉም ልክ። የድንኳን ሸራና አግዳሚ ተገዛ። እግዚአብሔር ይመስገን ብዙ ወር የሞተብን ሰው አልነበረም። ጠዋት ጠዋትም ለባለ ሰማያዊ በሩ የማወራውን ማውራት ቀጠልሁ።

አንድ ቀን ስለ ኦክቶፐስ ነገርኋቸው። ስምንት ክንድ ያለው የባሕር ፍጥረት ነው፣ ልቡ ሦስት ነው፣ ሲዋኝ ግን ከሦስቱ አንዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ስለዚህ ከመዋኘት ይልቅ መሬት ለመሬት መሄድ ይመርጣል አልኋቸው። እንደ ወትሮው «አላውቅም ነበር» አሉ። ድልድዩን አለፍን። ከዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«አያሌው፣ አንዱ ሲቆም ይታወቀዋል?»

«ምኑ ጋሼ?»

«ልቡ። ሲቆምበት ያ ፍጥረት ይታወቀዋል ወይ?»

እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ጥያቄ! «አይቼ እነግርዎታለሁ» አልኋቸው። «እሺ፣ እይልኝ» አሉና ወደቡ መታጠፊያ ላይ ወረዱ። ለምን ጠየቁኝ ብዬ አላሰብሁም። ሰው ለምን ይጠይቃል? ለማወቅ ነዋ። በማግስቱ ሌላ ነገር አገኘሁና ያንን ረሳሁት፤ እሳቸውም አላነሡብኝም። ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወንበራቸው ባዶ ነበር። እኔ ሆዬ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥሁና ሐይቁን እያየሁ ሄድሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምን እደብቃችኋለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ አስካለ ደወለች። «ባለ ሰማያዊ በሩ አርፈዋል» አለችኝ። ወደብ ሳይመጡ ቢቀሩ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሊያዩአቸው መጥተው በአልጋቸው ላይ አገኟቸው። ልባቸው ነው ተባለ።

የእድራችን የመጀመሪያው ለቅሶ ይኸ ነበር። ሁሉም ወደ ጸሐፊው ዞረ። መዝገቤን ከፈትሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ሰባ ስም ከፊቴ ተደርድሮ የትኛው የእሳቸው እንደሆነ አላውቅም። በቤት ቁጥር ፈልጌ አገኘሁት። ምትኩ ገብሬ። በእኔው እጅ ጽሕፈት፣ በየወሩ ሳያጓድሉ የከፈሉ። ስሙን በመስመር ዐውቀዋለሁ፣ ሰውየውን በወንበር ዐውቃቸዋለሁ፤ ሁለቱን አገናኝቼ አላውቅም ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁት ሰውዬ ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ።

አንድ ሴት ልጅ አዲስ አበባ እንዳለቻቸው ከስልካቸው ታወቀ። ሰላማዊት ትባላለች። ደወልሁላት። ካለቀሰች በኋላ «ነገ ጠዋት በአውሮፕላን እመጣለሁ» አለችኝ። «የሕይወት ታሪኩን እባክዎን እናንተ ጻፉልኝ። እኔና እሱ ብዙ ዓመት ተራርቀን ነበር፤ አብራችሁት የኖራችሁት እናንተ ናችሁ።» እሺ አልሁ። መቼም ለእንዲህ ያለ ጥያቄ እምቢ አይባልም። ቀብሩ በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ወገን በሌለበት አገር የሞተ ሰው ታሪኩ ሳይነበብ አፈር ከለበሰ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። «ሰው የለውም ነበር» ይባላል። ልጅቱም ይህን ሰምታ ትመለሳለች።

ወረቀት አወጣሁ። «አቶ ምትኩ ገብሬ» ብዬ ጻፍሁ። ቀጥዬ «በመስኮት በኩል መቀመጥ ይወዱ ነበር» ብዬ ጻፍሁ። ቆምሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ? የት ተወለዱ? ሚስታቸውስ? ለምን ብቻቸውን ኖሩ? ሁለት ዓመት፣ በየጠዋቱ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ሲሉ ሰምቼ ስናገር ኖርሁ፤ ካለመጠየቅ ምን እንደሚቀር የነገረኝ አልነበረም።

ወደ ሐይቁ ሄድሁ። ጀልባ የሚሠሩትን አንድ ሐጂ አገኘኋቸው፤ አጣና እየለኩ ነበር። «ምትኩ?» አሉ። «እኛ ጋሽ ሞተር ነበር የምንለው። እጁ የተባረከ ነው። ዓሣ በሚጠበስበት ወደብ እየዋለ ዓሣ አፉ አያስገባም ነበር። ስለ ቤቱ እንኳ አላውቅም፤ እኛ እዚህ የምናወራው ስለ ሞተር ነው።» አጣናውን አስቀመጡና «አንተ አይደለህ እንዴ ጎረቤቱ?» አሉኝ። ነኝ አልሁ።

ወደ ሰፈር ስመለስ ለአስካለ ነገርኋት። «እትዬ እማዋይሽን ጠይቃቸው» አለች፤ ይህን ለማወቅ ደብተር አላስፈለጋትም። እንግዲህ ከሁሉ ሰው እሳቸው ዘንድ መሄድ ነው የቀረኝ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እንዲህ ነው። ድንቻቸውን እየለቀሙ በሣህን ሲደረድሩ ደረስሁ። ጉዳዬን ነገርኋቸው። ቀና አሉ።

«ዓባይ ከየት ነው የሚነሣው?» አሉኝ።

ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ከእኛ በቀር ሰው የለም። «ከግሽ» አልሁ።

«ያን ቀንም ታውቀው ነበር?»

«ዐውቅ ነበር እትዬ።»

«አይ አንተ» አሉ፤ ድንቹን አስቀመጡት። «እኔ ኮ የማታውቅ መስሎኝ ይቅር ብዬህ ነበር።»

መሬት መሬት አየሁ። እሳቸው ግን ብዙ አላቆዩኝም፤ የድንች ጆንያውን በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝና «ተቀመጥ፣ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍሁ። አቶ ምትኩ የዝዋይ ልጅ ናቸው፤ ሐይቅ ዳር ተወልደው ሐይቅ ዳር ሠርተዋል። ሚስታቸው ስትታመም ሥራ ላይ ሩቅ አገር ነበሩ፤ ለቀብር አልደረሱም። ልጃቸው በዚህ ተቀይማ ዓመታት አላናገረቻቸውም። ዓሣ የማይበሉት ሚስታቸው የምትሠራው ዓሣ አፋቸው ላይ ስለቀረ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ሴቶች ምድጃ በነፃ ይጠግናሉ፤ የእትዬ እማዋይሽን ሚዛንም ያቃኑት እሳቸው ናቸው። የእድሩን ድንኳን ብረት ማን እንደበየደው ታውቃለህ ወይ አሉኝ። አላውቅም አልሁ። እሳቸው ናቸው።

«ይህን ሁሉ እንዴት ዐወቁት?» አልኋቸው።

«ሰው ድንች ሲመርጥ ያወራል» አሉ። «ትንንሽ ትንንሹን ነበር የሚመርጠው፤ ቶሎ ይበስላል ብሎ። ለብቻው ለሚበላ ማን ብዙ ይቀቅላል? ከዚያ ትጠይቀዋለህ፣ ይነግርሃል። ሌላ ምን ጥበብ አለው?» አንድ ድንች አነሡና «አንተ ስትመጣ ግን የምታወራው ስለ ድንቹ ነው» አሉ። «ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣ ብለኸኛል። የእኔ ከቆጋ ነው የመጣው።»

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ አነበብሁ። ዕድሜ ልኩን እንደሚያውቃቸው ሰው ነበር ያነበብሁት፤ ያወቅኋቸው ግን በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለ ምድጃዎቹ ሳነብ ሴቶቹ አለቀሱ። ስለ ድንኳኑ ብረት ሳነብ ወንዶቹ ተያዩ። ሐጂውና ጀልበኞቹ ከአጥሩ ሥር ቆመው ሰሙ። ዳኛችን «እንዲህ ነው ጸሐፊ» ብለው ትከሻዬን መቱኝ። እትዬ እማዋይሽ አጠገቤ ነበሩ። እኔም «የነገሩኝ እሳቸው ናቸው» አላልሁም። ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ስንቀመጥ ሰላማዊት መጣች። አባቷን ትመስላለች፤ ስትሰማ ዐይኗን ወደ ሰው ትመልሳለች። «አቶ አያሌው እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ነኝ አልሁ፤ ለተነበበው ልታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

«የጉማሬ ላብ ቀላ ያለ ነው» አለችኝ።

ግራ ገባኝ። ሐዘን ሰውን ያናውዛል ሲሉ እሰማ ነበር።

«ቀጭኔና ሰው የአንገት አጥንታቸው እኩል ሰባት ነው» አለች ቀጥላ። «እሑድ እሑድ ይደውልልኝ ነበር። ከታረቅን በኋላ እንኳ የምንለው አጥተን ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ ተባብለን ዝም ነበር። አንድ እሑድ ግን፣ አንድ ጎረቤት አለኝ፣ አያሌው የሚባል፣ ይኸን ነገረኝ አለኝ። ሳቅሁ። በሳምንቱ ሌላ አመጣ። ኋላ እኔም እየፈለግሁ እነግረው ጀመር። ከዚያ በኋላ ስለ እናቴ ማውራት ቻልን። አስካለ እንዴት ናት? እበት የሚባለውን ወሬ ምሳ ላይ አሁንም ትከለክልዎታለች?»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ይህች ልጅ የእኔን ስም፣ የሚስቴን ስም፣ የገበታዬን ሕግ ሳይቀር ታውቃለች። እኔ አባቷን ያወቅሁት ድንች ጆንያ ላይ ነው። ያ ማደሪያ የለውም የተባለው ግንድ ለካ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ሁለት ሰው ተሻግሮበታል። ዕውቀት ይረባል ልበል? አይረባም ልበል? እትዬ እማዋይሽን አየሁ፤ እሳቸውም ሲሰሙ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ሰላማዊት። «ያለፈው እሑድ ስንጨርስ፣ አያሌው አንድ ነገር ሊያይልኝ ነው፣ ሲነግረኝ እነግርሻለሁ ብሎኝ ነበር። ምን ነበር?»

ለአንድ አፍታ ሌላ ነገር ላስቀምጥበት አሰብሁ፤ ለእንዲህ ያለው ደብተሬ ሙሉ ነው። ስለ ሰጎን ጠይቀውኝ ነበር ብል ማን ያውቅብኛል? እትዬ እማዋይሽ ግን አጠገቤ ተቀምጠዋል። ነገርኋት። ስለ ሦስቱ ልብ፣ ሲዋኝ ስለሚቆመው አንዱ፣ ድልድዩን ካለፍን በኋላ ስለጠየቁኝ ጥያቄ። ሰማችኝ። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልገባኝ እሷን እዚያው ገባት፤ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። አባቷ ስለ ኦክቶፐስ አልነበረም የጠየቁት።

«መልሱስ?» አለችኝ ቆይታ።

በጠቅላላ ዕውቀት አንደኛ ወጥቼ ጸሐፊ የሆንሁት ሰውዬ «አላውቅም» አልሁ። «አላየሁላቸውም።»

ከዚያ ወዲህ ጸሐፊነቱን ለእትዬ እማዋይሽ ልልቀቅ ብዬ ነበር፤ ያን የዓባይን ነገርም በጉባኤ ፊት ተናገርሁ። «የእሱ እጅ ጽሕፈት ያምራል፤ እሱ ይጻፍ፣ እኔ እነግረዋለሁ» አሉ። እንዲያው ሆነ። ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ሰው መጠየቅ ጀምሬያለሁ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠውን አንድ ጎረምሳ ስሙን፣ አገሩን፣ ቤተሰቡን ብጠይቀው «ለምን ፈለግኸው?» ብሎ ወንበር ቀየረ። ይኸም ልምድ ይፈልጋል መሰለኝ።

ሰላማዊት እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች። «አገኙት?» ትለኛለች። እየፈለግሁ ነው እላታለሁ፤ እውነትም እፈልጋለሁ። ልቡ እንደሚቆም የጻፈ ብዙ ነው፤ ሲቆም ይታወቀው እንደሆነ የጻፈ ግን አላገኘሁም። ከዚያ እኔ አንድ ነገር እነግራታለሁ፣ እሷም አንድ ትነግረኛለች፣ አስካለ ከጓዳ «እና ታዲያ?» ትላለች። ባገኘው ደስ እንደሚለኝ ወይስ እንደሚከፋኝ ራሴም አላውቀውም። ብቻ አሁን ስልኩን ሳነሣ አስቀድሜ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» እላታለሁ፤ እስክትመልስልኝም ዝም ብዬ እጠብቃለሁ።